ቁናውን ማን ሰፈረው? የመነጻጸሪያ ጂን ታሪክ ከቡናማ አልጌ እስከ መካነ ሰላም

እህል በቁና በሚሰፈርበት ገበያ ያደገ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሚያነሣት ጥያቄ አለች፤ «በማን ቁና?» ቁና የሚሰፋው በእጅ ነው። የሰፊዋ እጅ ሲጠብቅ ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል፣ ሲያረጅ ደግሞ አፉ ይለጠጣል። በድሮ ዘመን አገራችንን ያዩ መንገደኞች ደጋግመው የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ ከገበያ ገበያ ይለያያል። አሞሌ ጨውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ከአፋር በረሃ ርቆ ወደ ደጋው በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ መንገድ ላይ የተሸረፈው ወይም ዝናብ ያገኘው ደግሞ በሙሉ ዋጋው አይታለፍም ነበር።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ነገር እንድንጽፍ ሲጠይቁ ብዙዎቻችሁ ስለ መምህሮቻችንና ስለ ሆስፒታሎቻችን እንደምትጽፉ ገመትኩ። እኔ ግን የመረጥኩት የቤተ ሙከራውን ቁና ታሪክ ነው። ታሪኩ የባሕር ዳርቻ ላይ ይጀምራል፤ መጨረሻው ግን እኛው ደጋ ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

ቡናማ አልጌ ለኛ ለቦረናና ለሳይንት ሰዎች ሩቅ ነገር ይመስላል። አንድ የሚያገናኘን ነገር ግን አለ፤ እንቅርት። አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 በፈረንሳይ ነው። በርናር ኩርቷ የሚባል የባሩድ ጨው አምራች የባሕር አረም አመድ ላይ አሲድ ሲያበዛበት ሐምራዊ ጢስ ተነሣ። ያ አመድ የኬልፕና የዘመዶቹ ነበር፤ ማለትም የቡናማ አልጌዎች። ከኬልፕ ዝርያዎች አንዱ፣ ላሚናሪያ ዲጂታታ፣ አዮዲንን በባሕሩ ውኃ ውስጥ ካለው መጠን እስከ 30,000 እጥፍ አድርጎ በገላው ያጠራቅማል። ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ በሚወስድበት በኛ ደጋ ደግሞ ነገሩ ግልባጭ ነው፤ አፈሩ አዮዲን ያጣል፣ እህሉም ያጣል፣ በመጨረሻ የእናቶቻችን አንገት ያብጣል። በዚያ አካባቢ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለአንገቷ የመጣች ሴት ጥቂት ናት፣ ለሌላ ሕመም መጥታ አንገቷን የምናይባት ግን ብዙ ናት።

እንግዲህ ኬልፕ ይህን ሁሉ አዮዲን እንዴት ያከማቻል? የትኛው ጂን፣ መቼ፣ ምን ሲነካው ይበራል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ቁና ይፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂን «በራ» የምንለው ሕዋሱ ከጂኑ ላይ ብዙ የአርኤንኤ ቅጂ ሲያወጣ ነው። ያንን ቅጂ ለመቁጠር በመጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ እንመልሰዋለን፤ ከዚያም በፒሲአር እናባዛዋለን። ፒሲአርን ኬሪ መሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 አሰበው፣ በ1993 ኖቤል ተሸለመበት። በዚያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ብዜቱን በየዙሩ እያዩ መቁጠር ተቻለ። በየዙሩ ቅጂው በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሁለት ናሙናዎች በአንድ ዙር ከተለያዩ ልዩነታቸው ሁለት እጥፍ ነው፤ በሦስት ዙር ከተለያዩ ስምንት እጥፍ። መሣሪያው እጅግ ንቁ ነው ማለት ነው፤ ንቃቱ ግን ጣጣም አለው። ከአንዱ ናሙና ብዙ አርኤንኤ ወጥቶ ከሌላው ትንሽ ቢወጣ፣ ወይም አንዱ መንገድ ላይ ቢበላሽ፣ መሣሪያው ይህንንም እንደ ጂን ለውጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከምንፈልገው ጂን ጎን አንድ «የማይለወጥ» ጂን አብሮ ይቆጠርና የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል። መነጻጸሪያ ጂን ማለት ይኸው ነው። ቁናችን።

ያ ቁና ከየት መጣ? እውነቱን ለመናገር በውርስ ነው የመጣው። በክፍል ውስጥ «ሀውስኪፒንግ» እየተባሉ የተማርናቸው፣ እኔ የጓዳ ጂኖች የምላቸው አሉ፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ለዕለት ኑሮው የሚያስፈልጉት። ቤታ አክቲን የሕዋሱ ምሰሶና ማገር ነው፤ ጂኤፒዲኤች ስኳር ከሚያቃጥሉት ኤንዛይሞች አንዱ ነው። ሁለቱም በብዛት ይገኛሉ፣ ለመለካት ቀላል ናቸው፣ የመለኪያ ቁሳቸውም ቀድሞ በየቤተ ሙከራው ነበር። ተመራማሪዎች በድሮው ዘዴ ሲጠቀሙባቸው ቆዩ፤ አዲሱ ዘዴ ሲመጣም ይዘዋቸው ተሻገሩ። ሁሉም ሕዋስ ይፈልጋቸዋልና አይለወጡም ተባለ። እንዴ! ጓዳ እኮ ዓመት በዓል ሲደርስ እንደ አዘቦቱ አይሠራም። ሕዋስ ሲያድግ፣ ሲከፋፈል፣ ቅርጹን ሲቀይር አክቲን ይለወጣል፤ ኦክስጅን ሲያጥረው ወይም ኢንሱሊን ሲነካው ጂኤፒዲኤች ይጨምራል።

ይህን ዝምታ የሰበሩት የቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ጆ ቫንደሶምፔለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ አሥር የጓዳ ጂኖችን በተለያዩ የሰው ሕብረ ሕዋሳት ላይ አወዳደሩ። አንድ መነጻጸሪያ ብቻ ቢጠቀሙ ኖሮ ከአራት አንዱ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ከአሥር አንዱ ላይ ደግሞ ከስድስት እጥፍ በላይ ስሕተት ይገባ ነበር። ስድስት እጥፍ! በዚያ ዘመን ሁለት እጥፍ ለውጥ አገኘሁ ብሎ ጽሑፍ የሚያሳትም ሰው ስንት እንደነበር አስቡት።

የጌንቶች መፍትሔ ጂኖርም ይባላል፤ አሠራሩን የገበያ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እውነተኛ ልክ የሆነ ቁና በእጅህ ከሌለ ቁናዎቹን ሁሉ እርስ በርስ ትለካካቸዋለህ። ሁለት ጂኖች በእውነት የማይለወጡ ከሆኑ የአንዱ ለሌላው ድርሻ በየናሙናው አንድ ዓይነት ይሆናል። ከሌሎቹ ጋር የማይስማማውን ትጥላለህ፤ ከቀሩት ውስጥ ደግሞ የባሰውን፤ በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ይቀራሉ፣ የእነሱን አማካይ ትይዛለህ። ግሩም ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው። አንዲት ሴት የሰፋቻቸው ሁለት ቁናዎች ሁለቱም ጠበብ ቢሉ እርስ በርስ መስማማታቸው ምን ይጠቅማል? አብረው የሚወጡና አብረው የሚወርዱ ጂኖች ጂኖርምን ያታልላሉ። የዴንማርኮቹ ኖርምፋይንደር እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ናሙናዎቹን በየቡድናቸው ለይቶ እያንዳንዱ ጂን በቡድኖቹ መካከልና በቡድኑ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ለየብቻ ይገምታል። በዚያው ዓመት ቤስትኪፐር የሚባል ሦስተኛም ተጨመረ። ዛሬ ብዙ ሰው ሦስቱንም ያስኬድና ውጤታቸውን ያነጻጽራል፤ በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ፕሮግራም ይልቅ ወሳኙ ናሙናው ምን ምን ሁኔታ ያካትታል የሚለው ነው።

ይህን ደግሞ ከቡናማ አልጌ የተሻለ የሚያስተምር ፍጡር አላገኘሁም። ኑሮውን ተመልከቱ። ማዕበሉ ሲሸሽ አለቱ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይበላዋል፣ ዝናብ ቢመጣ ጨዉ ይታጠባል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ባሕር ውስጥ ነው። እንደዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ዓለሙ ለሚገለበጥበት ፍጥረት «የማይለወጥ ጂን» ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ገላው ሙጫ በሚመስል አልጂኔትና በፌኖል የተሞላ ስለሆነ ንጹሕ አርኤንኤ ማውጣቱ ራሱ ፈተና ነው። ዘሩም ለብቻው ነው። ተክል ይመስላል እንጂ ተክል አይደለም፤ ከእንስሳም ከተክልም ተለይቶ በራሱ መንገድ ባለ ብዙ ሕዋስ ሆኗል። የሥጋ ዘመዶቹ ሲቆጠሩ በደጋችን በክረምት የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ የሚያረግፈው ፋይቶፍቶራ ይገኝበታል። ስለዚህ በሰው ወይም በስንዴ ተፈትኖ ያለፈ መነጻጸሪያ ለአልጌው ይሠራል ብሎ መውሰድ መሠረት የለውም።

ሥራው የተሠራው በብሪታኒ ጠረፍ፣ በሮስኮፍ የባሕር ጣቢያ ነው። እዚያ ያሉት ተመራማሪዎች ኤክቶካርፐስ የምትባል፣ እንደ ክር የቀጠነች ትንሽ ቡናማ አልጌን ለምርምር አርአያ አድርገው መርጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጽሑፍ ርእስ ስለ አዲስ ግኝት አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ቁና ነው። የተለመዱትን የጓዳ ጂኖች በአልጌዋ የዕድገት ደረጃዎችና በተለያየ ጭንቀት ውስጥ እየለኩ የትኛው እንደሚጸና ፈተሹ። ከዚያ ወዲህ በኤክቶካርፐስ ሥራዎች ተደጋግሞ የምናየው መነጻጸሪያ ፕሮቲን በሚመረትበት ጊዜ ሰንሰለቱን የሚያስቀጥለው ኢሎንጌሽን ፋክተር ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የአልጌዋ ሙሉ ጂኖም፣ 214 ሚሊዮን ፊደልና ከ16,000 በላይ ጂኖች፣ የታተመው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2010 ነው። ማለትም መጽሐፉ ታትሞ ሳያልቅ መለኪያውን አስተካከሉ። በኛ ሙያ ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የምናየው።

በዚያው ሰሞን የተሳሳተ ልክ ሰው እንደሚጎዳ ዓለም አየ። የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ወሬ ይደግፋል ተብሎ የቀረበ አንድ የፒሲአር ውጤት ነበር፤ በልጆች አንጀት የኩፍኝ ቫይረስ ተገኘ የሚል። እንግሊዛዊው ስቲቨን በስቲን መረጃውን ከውስጥ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የክትባት ፍርድ ቤት መሰከረ። የኩፍኝ ቫይረስ አርኤንኤ ነው፤ ወደ ዲኤንኤ ሳይመለስ በፒሲአር ሊታይ አይችልም። ቤተ ሙከራው ግን የመመለሱ እርምጃ ባልተሠራባቸው ናሙናዎችም «ቫይረስ» አግኝቷል። ብክለት ነበር፤ በቃ። ፍርድ ቤቱም ክሱን አልተቀበለም። በ2009 እሱና ባልደረቦቹ ማንም የፒሲአር ጽሑፍ ሊያሟላ የሚገባውን ዝርዝር አወጡ፤ ከዝርዝሩ አንዱ መነጻጸሪያ ጂንህን ለምን እንደመረጥክና በራስህ ናሙና ላይ መጽናቱን እንዴት እንዳረጋገጥክ ጻፍ ይላል። በየወረርሽኙ ኩፍኝ ልጅ ሲወስድ ያየ የወሎ ሐኪም ይህን እንደ ሩቅ አገር ክርክር የሚያነበው አይመስለኝም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ኮቪድን ለመመርመር የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ምርመራው አዲስ አበባ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተጀመረ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ምርመራው ወደ ክልል ወረደ፣ ደሴም ደረሰ። ኪቶቹን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቫይረሱን ከሚፈልገው ክፍል ጎን አንድ የሰው ጂን አለ። የአሜሪካው ኪት አርኤንኤዝ ፒ የሚባለውን ያያል። የቻይናው ቢጂአይ፣ መስከረም 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፋብሪካው የተመረቀለት፣ የሚያየው ቤታ አክቲንን ነው። አዎ፣ ያንኑ የድሮ የጓዳ ጂን! እዚህ ላይ ግን ሥራው ሌላ ነው። ማካፈያ አይደለም፤ ምስክር ነው። የጥጡ እንጨት በእርግጥ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሰው ሕዋስ ይዞ መጥቷል ወይ ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል። አክቲኑ ካልታየ «ቫይረስ የለም» የሚለው መልስ ዋጋ የለውም፤ ናሙናው ይደገማል።

ይህ ከመካነ ሰላም ለሚነሣ ናሙና ትልቅ ነገር ነው። በአቀስታ በኩል እስከ ደሴ ያለውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የበረዶ ሣጥኑ በሰዓቱ ይደርስ እንደሆነ ሾፌሩም አይምልም። ሆኖም ምስክሩም ወሰን አለው። የአርኤንኤዝ ፒው ምርመራ የሰውን ዲኤንኤም ስለሚያባዛ፣ አርኤንኤው መንገድ ላይ ቀልጦ ቢያልቅ እንኳ ምስክሩ «ደኅና ነኝ» ሊል ይችላል። ዲኤንኤ ሙቀት ይችላል፣ አርኤንኤ አይችልም። ናሙናው ስንት ሰዓት ተጓዘ የሚለው በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ለቢሮክራሲ አይደለም።

ከጂን ወጥተን ወደ ዕለት ሥራችን ብንመጣ ያው የቁና ጥያቄ ይከተለናል። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣውን የልክ ጥናት ሁላችሁም ብታነቡት እወዳለሁ። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የሲዲ ፎር ቁጥር በአማካይ 775 ሲሆን፣ የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች 993 ነበር። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር የሲዲ ፎር መነሻው 200 ነበር። ከ993 ወደ 200 መውረድና ከ775 ወደ 200 መውረድ አንድ መንገድ አይደለም፤ መስመሩ ግን ለሁሉም አንድ ሆኖ ተሰመረ። ዛሬ ሕክምናው ቁጥር ሳይጠብቅ ለሁሉም ይጀመራልና ክርክሩ ተዘግቷል፤ ያ ጥናት ግን በዚህ አገር የራስን ቁና የመስፈር ሥራ በትክክል የተሠራበት ምሳሌ ነው።

ያልተዘጋው የሄሞግሎቢን ጉዳይ ነው፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ የኛን ደጋ ይመለከታል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ደም ይወፍራል ተብሎ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ ሲለካ ለከፍታው ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። ለዓመታት በሠራንበት ሠንጠረዥ በ2,500 ሜትር ላይ ከተለካው 1.3 ግራም ይቀነሳል። እንግዲህ 12 የተነበበላት ነፍሰ ጡር በወረቀቱ ላይ ጤነኛ ናት፣ ምክንያቱም ወሰኑ 11 ነው፤ ስትስተካከል ግን 10.7 ሆና ደም ያንሳታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሠንጠረዡ ተከልሶ በዚህ ከፍታ የሚቀነሰው ከበፊቱም ጨምሯል።

ማስተካከያው ግን በማን ቁና ተሰፈረ? የቀድሞው በአብዛኛው ከአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ሕፃናትና ከደቡብ አሜሪካ አንዲስ ነዋሪዎች ነው የተወሰደው። አንዲሶች ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢናቸው በጣም ይጨምራል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የለኳቸው ኢትዮጵያውያን ግን ሌላ ታሪክ ተናገሩ፤ የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0፣ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ። ቆላ ካለ ሰው የማይለይ ማለት ይቻላል። የኛ ደገኛ እንደ አንዲሱ ደሙ ካልወፈረ ከእሱ ላይ የአንዲሱን ያህል መቀነስ ጤነኛዋን በሽተኛ ያደርጋታል። ጭራሽ ካልቀነስን ደግሞ በእውነት የደከመችውን ሸኝተን በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈሳት እናገኛታለን፤ ያውም የደም ባንክ ሩቅ በሆነበት አገር። ሁለቱም ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል፤ የሲቢሲ ማሽኑ ዳር ላይ የሚያትመው «ኖርማል» ግን ከፋብሪካው ጋር የመጣ ነው።

ልብ በሉ፤ ጂኤፒዲኤች ኦክስጅን ሲያጥር ይጨምራል ብያለሁ። ነገ አንዱ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ወጣት መካነ ሰላም ካምፓስ ሆኖ በደገኛና በቆለኛ መካከል የጂን አገላለጽ ላወዳድር ቢል፣ ከመጽሐፍ ላይ የወረሰው መነጻጸሪያ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጋው ሲወጣ አብሮት ሊለወጥ ይችላል። ልጁ መጀመሪያ ሊያነበው የሚገባው የሮስኮፎቹን የአልጌ ጽሑፍ ነው ብል አትሳቁብኝ።

ለኛ ለሐኪሞቹ ግን ፒሲአርም አያስፈልግም። ለአንድ ምርመራ የራስ መደበኛ ልክ ለማውጣት በዓለም አቀፍ የቤተ ሙከራ መመሪያ የሚጠየቀው ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰው ነው፤ ለወንድ 120፣ ለሴት 120፣ ለነፍሰ ጡሮች ለብቻ 120። የሆድ ትል፣ ወባና የብረት እጥረት ያለበት አስቀድሞ ተለይቶ ይወጣል። አንድ የሚሠራ የሲቢሲ ማሽን፣ የፌሪቲን ምርመራ የሚልክበት አንድ ቤተ ሙከራ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ሁለት ነርሶችና አንድ የላብ ቴክኖሎጂስት ይበቃሉ። እኛ በዚህ ስብሰባ ለምሳና ለአዳራሽ ከምናዋጣው ብዙ የሚርቅ ወጪ አይመስለኝም። ሰው ደግሞ በመካነ ሰላም የገበያ ቀን አይጠፋም፤ ከወግዲም ከከላላም ከሳይንትም እህሉን ጭኖ ይመጣል፣ ቁናውንም ይዞ።